በእጅ የተሰፋ የስቲምፓንክና የቪክቶሪያ ዘመን ልብስ፦ ሰው አድንቆ ሳይገዛ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ናስና ክር (ከእንግሊዝ)፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ሰዎች። በሙያዬ ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ የሙሽራ ልብስ እሰፋ ነበር፤ እንግሊዝ ከመጣሁ በኋላ የአንዲት ጎረቤቴን ቀሚስ ላስተካክል ስል ስቲምፓንክ ከሚባለው ዓለም ጋር ተዋወቅሁ። ለማታውቁት ባጭሩ፣ የእንፋሎት ሞተር ዘመን ሳያልፍ ቢቀር ኖሮ ዓለም ምን ትመስል ነበር ከሚል ምናብ የተነሣ የልብ ወለድ፣ የጌጥና የአለባበስ ዘዬ ነው። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ለአንድ መጽሔት በተላከ ደብዳቤ ላይ እንደ ቀልድ ተወለደ፤ አለባበሱ ግን መሠረቱን የጣለው ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠችበት፣ ከ1837 እስከ 1901 በነበረው ዘመን ላይ ነው። ወገብን በክር አጥብቆ የሚያስረው ኮርሴት፣ ከኋላ የሚያብጥ ጉርድ፣ ሰደርያና ረጅም ባርኔጣ ይለበሳል፤ በላዩ ላይ ናስ፣ ቆዳ፣ የሰዓት ጥርስ (በሰዓት ውስጥ የሚዞረው ጥርሳም ጎማ) እና የአብራሪ መነጽር ይጨመርበታል።

ባለፈው ጁላይ አንድ የሰንበት ገበያ ላይ ጠረጴዛ ተከራይቼ አምስት ኮርሴት፣ አራት ሽንሽን ጉርድና ስድስት ሰደርያ ይዤ ወጣሁ። ሰው አልጠፋም፤ እንዲያውም ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ያላደነቀ፣ ስፌቱን በጣቱ ያልዳሰሰ፣ ፎቶ ያላነሣ አልነበረም ማለት እችላለሁ። ሆኖም ጠዋት የዘረጋሁት ልብስ ማታ እንዳለ ተጣጥፎ ወደ ሻንጣው ተመለሰ፤ የተሸጠልኝ ሁለት የፀጉር ጌጥና አንዲት የወገብ ቦርሳ ብቻ ነው። ከእኔ ሁለት ጠረጴዛ ራቅ ብሎ፣ ውስጡ የፕላስቲክ ዘንግ ያለበትን የፋብሪካ ኮርሴት በ45 ፓውንድ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ገና ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ መስቀያውን ባዶ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። የእኔ ዋጋ 180 ፓውንድ ነው።

እንግዲህ ዋጋዬን ልቀንስ ወይ? በሊንከን ከተማ ከ2009 ጀምሮ በሚካሄደውና አሁን በኦገስት መጨረሻ ላይ በሚውለው ትልቅ የስቲምፓንክ በዓል ለመቅረብ ስለማስብ፣ ጠረጴዛዬን እንዴት ባሳምረው ይሻላል? ሌላው ጥያቄዬ ከልቤ የመጣ ነው። የጉርዱ ጠርዝ ላይ የሽሮ ሜዳ ጥለት ያስገባሁበት አዲስ ስብስብ ጀምሬአለሁ፤ ከበስተጀርባው የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን በ1868 የተነሣ ፎቶግራፍ በትልቁ አሳትሜ ልሰቅል አሰብሁ። የቪክቶሪያን ዘመን ኢትዮጵያዊ ለማሳየት ከእሱ የተሻለ ማን አለ? አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

ባለሜትሩ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)፦

ልጄ፣ እኔ መርካቶ ውስጥ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ሙያ የጀመርኩ፣ አሁን ደግሞ የወንድ ሙሉ ልብስ በማስተካከል የምተዳደር ሽማግሌ ነኝ። ስቲምፓንክን ያወቅሁት አንድ ደንበኛዬ ሰደርያ ላይ አሥራ ሁለት የሰዓት ኪስ ስፋልኝ ያለኝ ቀን ነው። «አሥራ ሁለት ሰዓት አለህ እንዴ?» ብለው «አለኝ፤ አንዱም ግን አይሠራም» አለኝ። ስለዚህ ዘዬውን ለሚያውቁት ትቼ ስለ ገንዘቡ ልናገር። አንድ ኮርሴት ስንት ሰዓት ይፈጅብሻል? ዕቃውስ ስንት ይወጣበታል? ይህን ሳይናገሩ ዋጋ ልቀንስ ወይ ማለት ሳይለኩ መቁረጥ ነው።

ናስና ክር፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዱን መጀመሪያ በአቡጀዴ ሰፍቼ እሞክራለሁ። ከዚያ ለኮርሴት ተብሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ የሚሸመነውን የጥጥ ጨርቅ፣ የላዩን ሐርና ገበሩን አንድ ላይ እቆርጣለሁ። በስፌቱ መካከል ሃያ አራት የብረት ዘንጎች ይገባሉ፤ ክር በሚታሰርበት በጀርባው በኩል ጠፍጣፋው፣ በጎንና በጎን ደግሞ እንደ ጥምዝ ሽቦ የሆነው፣ ምክንያቱም ጥምዙ ከሰውነት ጋር ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይታጠፋል። የክሩ ቀዳዳዎች ሁሉ የብረት ቀለበታቸው አንድ በአንድ በእጅ ይመታል። ባጠቃላይ 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ዕቃው 48 ፓውንድ ያህል ነው።

ባለሜትሩ፦

እንግዲያው አብረን እናስላው። ከ180 ላይ 48 ሲነሣ 132 ይቀራል፤ ለ22 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 6 ፓውንድ ነው። አንቺ ባለሽበት አገር በኤፕሪል 2025 በጸናው መጠን ዕድሜው 21 ለሞላ ሠራተኛ ሕግ ያዘዘው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 12.21 ፓውንድ ነበር። አንቺ ራስሽን ቀጥረሽ ከሕጉ ግማሽ በታች ትከፍያታለሽ ማለት ነው፤ ሌላ አሠሪ እንዲህ ቢያደርግሽ ትከሺው ነበር። በዚያ ዝቅተኛ ክፍያ እንኳ ብንሄድ የእጅሽ ዋጋ 268 ፓውንድ ከ62 ፔንስ ይመጣል፤ ዕቃው ሲጨመር 316 ፓውንድ ከ62 ፔንስ ይሆናል፤ የጠረጴዛው ኪራይና የባቡሩ ትኬት ገና አልተቆጠረም።

ከ45 ፓውንዱ ነጋዴ ጋር አትወዳደሪ። እሱ የሚሸጠው ለአንድ ምሽት ድግስ የሚለበስ ነገር ነው፤ ወደ እሱ የሚሄደውና ወደ አንቺ የሚመጣው ሰው አንድ አይደለም። እንዲያውም የ180 ዋጋሽ የጎዳሽ ይመስለኛል። ለርካሽ ፈላጊ ውድ ነው፤ ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ «በዚህ ዋጋ እውነተኛ ብረት ሊኖረው አይችልም» የሚያሰኝ ነው።

ቅድና ልኬት (ከለንደን)፦

የቲያትር አልባሳት ተማሪ ነኝ። ጋሽ ባለሜትሩ ስለ ዋጋው ባሉት እስማማለሁ፤ ግን ዋጋው ብቻውን አይቆምም፣ የሚታይ ምስክር ይፈልጋል። የኮርሴት ጥራት ያለው ከውስጥ ነው፤ አንቺ ደግሞ የምታሳዪው ላዩን ብቻ ነው። ከላይ ሲታይ የአንቺም ሐር ነው፣ የዚያም ሰውዬ ሐር መሰል ነው፤ በሦስት ሜትር ርቀት ልዩነታቸውን እኔም አልለይ። ስለዚህ ከአምስቱ አንዱን ሠዊው። ግማሹን በመቀስ ከፍተሽ ዘንጎቹ፣ ጥቅጥቁ ጨርቅና የተደራረበው ስፌት እንዲታዩ አድርገሽ ከፊት አቁሚው፤ አንዱን ጥምዝ ዘንግ ደግሞ አውጥተሽ ሰው በእጁ እንዲያጣጥፈው ጠረጴዛው ላይ አኑሪው። ሰው አንድ ነገር በእጁ ከያዘ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ደግሞ ትነግሪዋለሽ።

ኮርሴትን በተራ የፕላስቲክ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ መስቀልም ሌላ ስሕተት ነው። ፕላስቲክ ስለማይጨመቅ ኮርሴቱ ከኋላ ተከፍቶ፣ ከፊት ተንጋዶ ይቀራል። በጥጥ የተሞላ ለስላሳ ቁመና ፈልጊ፤ ካልሆነም ራስሽ ልበሺውና ቁሚ። ለፎቶ ደግሞ ደመናማ ቀን ምረጪ፤ እንግሊዝ ይህን በነጻ ትሰጥሻለች።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልጨምር፣ በዚህ ጉዳይ ትንሽ ስለምናደድ። የስቲምፓንክ ገበያ በቡና ዓይነት ቀለም ተጥለቅልቋል። ሰዉ ያንን ዘመን ቡናማ አድርጎ የሚያስበው ያረጁ ፎቶግራፎች ቡናማ ስለሆኑ ነው እንጂ ዘመኑ ራሱ ቀለም አፍቃሪ ነበር። በ1856 ዊሊያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ ለወባ መድኃኒት የሚሆነውን ኪኒን ለመሥራት ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ፤ ከፋብሪካ የሚወጣ ደማቅ ቀለም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ሃያ ቡናማ ጠረጴዛ በተደረደረበት አዳራሽ ውስጥ አንድ ሐምራዊ ጉርድ ከበሩ ይታያል፤ ለምን ሐምራዊ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅሽም እውነተኛ ታሪክ አለሽ።

ሱቅ በደረቴ (ከፍራንክፈርት)፦

እኔ ከአሮጌ ሰዓት ዕቃዎች የአንገትና የእጅ ጌጥ እሠራለሁ፤ በኢንተርኔትም እሸጣለሁ። ጋሽ ባለሜትሩ ያሰሉት 317 ፓውንድ በኢንተርኔት ሱቅ ላይ እንደማይበቃ ላሳይ። የእጅ ሥራ በሚሸጥበት ኤትሲ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አንድ ዕቃ ለአራት ወር ለማውጣት 20 የአሜሪካ ሳንቲም ይከፈላል፤ ሲሸጥ መላኪያውን ጨምሮ ከጠቅላላው 6.5 በመቶ ይቆረጣል። እንግሊዝ ላለ ሻጭ ደግሞ ለክፍያ ማስተላለፊያ 4 በመቶና 20 ፔንስ ይጨመራል። ኮርሴቱን መላኪያው በዋጋው ውስጥ ሆኖ በ320 ብትሸጪው 20 ፓውንድ ከ80 በአንድ በኩል፣ 13 ፓውንድ በሌላ በኩል ይሄዳል፤ 33 ፓውንድ ከ80 ፔንስ ማለት ነው። ገዢው ኤትሲ ራሱ በሌላ ድረ ገጽ ባወጣው ማስታወቂያ በኩል ከመጣ ሌላ 15 በመቶ ይቆረጣል። የዓመት ሽያጭሽ ከ10 ሺህ ዶላር በታች ከሆነ ግን ይህን ማስታወቂያ ማጥፋት ስለምትችዪ ሱቁን የከፈትሽ ዕለት አስቢበት።

በርዕሱ ላይ «የቪክቶሪያ ልብስ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። ስልሳ አራት ዓመት በአንድ ቅርጽ አልተለበሰም። በ1850ዎቹ መጨረሻ በብረት ቀለበት ዙሪያውን የተነፋው ቀሚስ ነበር፤ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ደግሞ እብጠቱ ወደ ኋላ ሄደ። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ የሚፈልገው በቅርጹ ስምና በአሥርቱ ዓመት ነውና ለእያንዳንዱ ዕቃ የሚፈቀዱልሽን 13 መፈለጊያ ቃላት ለዚህ አውያቸው።

ወደ ጌጡ ልምጣ። ባርኔጣ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የሰዓት ጥርስ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ለሠሪዎቹ ይህ ትልቅ ነውር ነው። ጥርሱ ሌላ ጥርስ ካልነካ፣ ምንም የማያዞር ከሆነ፣ ጌጥ ሳይሆን ቆሻሻ ነው ይላሉ፤ እኔም እላለሁ። ባይሠራ እንኳ ሊሠራ የሚችል መምሰል አለበት። ከዚህ የሚበልጠው ግን የጤናው ጉዳይ ነው። ከ1970ዎቹ በፊት የተሠራ፣ በጨለማ እንዲያበራ ቁጥሩና ቀስቱ የተቀባ ሰዓት ስታገኚ አትክፈቺው፣ አትፋቂው፤ ቀለሙ ራዲየም ሊሆን ስለሚችል ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አያቆምም። ቆዳን ለረጅም ጊዜ የሚነካ ብረት የሚለቀው ኒኬልም በአውሮፓ ሕግ በሳምንት በካሬ ሴንቲሜትር ከ0.5 ማይክሮግራም መብለጥ የለበትም። የኮርሴትሽን መቆለፊያ ከማን እንደምትገዢ እወቂ፤ ወረቀቱንም አስቀምጪ።

ወደ እኛ አገር ለመላክ ካሰብሽ ደግሞ ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው የምርት ደኅንነት ደንብ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ሻጭ በኅብረቱ ውስጥ ተጠሪ እንዲኖረው ያስገድዳል። ብዙ የእንግሊዝ ትንንሽ ሻጮች በዚህ ምክንያት ወደ ጀርመን መላክ አቁመዋል።

ባለሜትሩ፦

ወደ እኛም ቢሆን መንገዱ ጠብቧል። ከኦገስት 29 ቀን 2025 ጀምሮ 800 ዶላር የማይሞላ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረበት አሠራር ቀርቷል። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ሳትጽፊ አትላኪ፤ ገዢ በር ላይ ሂሳብ ሲጠየቅ የሚቆጣው በፖስተኛው ላይ ሳይሆን በአንቺ ላይ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት በአገርሽ ውስጥ መሸጥ ይበቃሻል።

ቀለበት ሠሪ (ከሊድስ)፦

ሊንከን ሁለት ጊዜ ለጎብኝነት ሄጃለሁ። በዓሉ ላይ ሰው ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ጎብኚው ራሱ ትርኢት ነው። ብስኩት ሻይ ውስጥ ነክረው ሳይቆረስባቸው ዘግይቶ በመብላት የሚፎካከሩበት የሻይ ፍልሚያ እንኳ አላቸው፤ ያንን የሚያደርጉት ሙሉ ልብስና የክብር ባርኔጣ አጥልቀው፣ በታላቅ ቁም ነገር ነው። ከዚህ የምትረጂው፣ ለኦገስት የሚመጣ ሰው ዋናውን ልብሱን በጸደይ ጨርሷል። በዓሉ ላይ የሚገዛው የጎደለውን ነው፤ የእጅ ማሰሪያ፣ የአንገት ልብስ፣ ቀበቶ፣ የመነጽር መያዣ። ኮርሴትሽን በብርዱ ወራት በኢንተርኔት አሳይተሽ ትእዛዝ ተቀበዪ፤ ሊንከን ላይ ግን ከዚያው ሐር ቁራጭ የተሠራ የ25 እና የ40 ፓውንድ ዕቃ በዛ አድርገሽ ያዢ። ኮርሴቱ ይቁም፣ ሰው ይለካበት፣ ትእዛዝ ይሰጥ፤ በዚያች ቀን ካልተሸጠ ግን አትዘኚ።

ስለ ልዑሉ ፎቶ ግን አዝናለሁ፤ አልወደድኩትም።

ናስና ክር፦

ለምን እንደሆነ ብትነግረኝ ደስ ይለኛል። ክፉ አስቤ አይደለም። ፎቶግራፉን ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በዘመኗ የታወቀች ባለሙያ ናት፤ ሥዕሉም በጣም ያምራል። እንግሊዞቹ እኛም በዚያ ዘመን እንደነበርን እንዲያውቁ ፈልጌ ነው።

ቀለበት ሠሪ፦

የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ መቅደላ ላይ ሽጉጡን ጠጥቶ፣ እናቱ በመንገድ ላይ ሞታበት፣ ድል ካደረገው ጦር ጋር በመርከብ መጣ፤ በ18 ዓመቱ በ1879 ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። አፅሙ ይመለስልን ተብሎ ሲጠየቅ በ2023 እንኳ ቤተ መንግሥቱ አይሆንም ብሏል። የዚያን ልጅ ፊት ከዋጋ ዝርዝር በላይ መስቀል ለእኔ ከባድ ነው። ሕግ አይከለክልሽም፤ ፎቶው የማንም ንብረት ከመሆን ያለፈ ነው። የአገርሽ ሰው ጠረጴዛሽ ፊት ሲቆም ግን ምን እንደሚሰማው አስቢ።

ቅድና ልኬት፦

እኔም ከዚህ ጋር ነኝ፤ ታሪኩን ግን ጨርሰሽ አትተዪው፣ ከፊት ወደ ልብሱ አምጪው። ለንደን ባለው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የልዑሉ እናት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው የተባለ፣ ከጥጥ ተሠርቶ በሐር የተጠለፈ ቀሚስ አለ። የመቅደላ ዘመቻ 150ኛ ዓመት ሲታሰብ በ2018 በተከፈተው ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር። የእንግሊዝ ሴቶች ቀሚስ በብረት ቀለበት በተነፋበት በዚያው ዘመን የእኛ ባለ ጥልፍ ምን ይሠራ እንደነበር ከእሱ የተሻለ የሚያሳይ የለም። ጥለቱን በጉርዱ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ሪባን ከምትለጥፊው ይልቅ የጥልፉን አቀማመጥ አጥኚና ከኮርሴቱ ቅድ ጋር አስማሚው፤ የሰዓት ጥርስ በባርኔጣ ላይ እንደ መለጠፍ እንዳይሆንብሽ። የተዘረፈ መሆኑን ግን አትደብቂ፤ ከልብሱ አጠገብ በምታኖሪው ካርድ ላይ በሁለት መስመር ይጻፍ።

ባለሜትሩ፦

ልጆቹ እውነት ብለዋል። ከበስተጀርባ የሚሰቀል ሥዕል ካማረሽ፣ የራሳችን የብረትና የእንፋሎት ነገር ሞልቶ የለም እንዴ? ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስቦ ያስቀለጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ምንድን ነው? በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ያስመጣው፣ ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሄድ መኪና፣ ባለ ትልቅ የብረት ጎማና ባለ ጭስ ማውጫ ሆኖ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እነዚህ እንግሊዞች ዛሬ በምናብ የሚሠሩትን የእኛ ሰው በዓይኑ አይቶታል። ስብስብሽን በእሱ ስም ጥሪው። ሲጠይቁሽ ትተርኪላቸዋለሽ፤ የሚከፋውም የለም።

ናስና ክር፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ፎቶውን ለማሳተም የከፈልኩትን ቀብድ አስመልሻለሁ። ስሙን «ሰርኪስ ባቡር» አድርጌዋለሁ፤ ጎረቤቴ መጥራቱ ቢያስቸግራትም ወደደችው።

የተባለውን ሁሉ ለመፈተን ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን አዳራሽ በነበረ ትንሽ የእጅ ሥራ ገበያ ላይ ወጣሁ። አንዱን ኮርሴት እያለቀስኩ ቀደድኩት፤ የቀሩትን በ325 ፓውንድ አቆምኳቸው። የቆመ ኮርሴት አልተሸጠም። ሆኖም ሦስት ሴቶች የተቀደደውን ከበው ዘንጉን እየተቀባበሉ ሲያጣጥፉ ከቆዩ በኋላ ሁለቱ ልኬታቸውን ሰጥተው፣ ግማሹን ቀብድ ከፍለው ሄዱ። ሦስተኛዋ የእጅ ማሰሪያ ገዛች። ዋጋው ተወደደ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለራሱ አልነበረም።

ሱቅ በደረቴ፦

እሰይ! ቀብዱን ስትቀበዪ በጽሑፍ ይሁን። በኢንተርኔት ለሚያዝዝ ገዢ የእንግሊዝ ሕግ 14 ቀን የመመለሻ ጊዜ ይሰጠዋል፤ በገዢው ልኬት የተሰፋ ልብስ ግን ከዚህ ነጻ ነው። ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ልኬቱንም ራሳቸው ይፈርሙበት፤ ከገና በኋላ ወገብ እንደሚለወጥ ታውቂያለሽ።

ናስና ክር፦

እሺ፣ እንዲሁ አደርጋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ለሊንከን የሚቆመውን የተቀደደ ናሙና እንደ አዲስ ልሰፋው ነው፤ ያኛው በመቀስ ስለተከፈተ ጠርዙ መተርተር ጀምሯል። ላዩ ሐምራዊ ሐር ነው። ገበሩን ጥቁር ላድርገው ወይስ ቀይ?

ቅድና ልኬት፦

ሁለቱንም ተዪና ያልነጣ አቡጀዴ አድርጊው። ጥቁር ላይ የዘንጉ መስመር አይታይም፤ ቀዩ ደግሞ ዓይን ከስፌቱ ላይ ይሰርቃል። መስመሮቹን በጥቁር ክር ስፊያቸው፤ ከሦስት ሜትር ይቆጠራሉ።